ቢ ሴልን የሚያነቁ መለያ ሞለኪውሎች፦ የእያንዳንዱን ድርሻ በላቦራቶሪ ለይቶ የማየት መመሪያ

ይህ መመሪያ ከሰው ደም ቢ ሴልን አጥርቶ ለማውጣትና ሦስት የመለያ ሞለኪውሎች ሴሉን በማንቃት ያላቸውን ድርሻ አንድ በአንድ ለመለካት የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው አንቲጂንን የሚይዘው የቢ ሴል ተቀባይ፣ በአጭሩ ቢሲአር ነው። ሁለተኛው የባክቴሪያና የቫይረስ ዲኤንኤን የሚያውቀው ቶል መሰል ተቀባይ 9፣ ማለትም ቲኤልአር9 ነው። ሦስተኛው የቲ ሴልን እርዳታ የሚቀበለው ሲዲ40 ነው።

ማንቃቱ ራሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሴሉ የሰጠው መልስ እኛ ከሰጠነው መልእክት የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቢ ሴል ሳናውቅ በምንሰጠው ነገርም ይነቃል፦ በሴረም ውስጥ ባለ ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ መርዝ)፣ ለማጥራት በተጠቀምንበት አንቲቦዲ፣ አብረውት በቀሩ ጥቂት ሞኖሳይቶች። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ብዙዎቹ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ሴሉን ሳይነካኩ ስለማቆየት ናቸው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት

ቢሲአር በሴሉ ገጽ ላይ የተተከለ አንቲቦዲ ነው፤ በጀማሪ ቢ ሴል (አንቲጂን ገና ባላገኘው) ላይ አይጂኤምና አይጂዲ የተባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች ይሆናል። ወደ ሴሉ ውስጥ የሚገባው ጭራው እጅግ አጭር ስለሆነ መልእክት አያስተላልፍም፤ ያንን የሚሠሩለት አብረውት ያሉት ሲዲ79ኤ እና ሲዲ79ቢ ናቸው። ብዙ እጅ ያለው አንቲጂን በርከት ያሉ ተቀባዮችን ሲያቆራኝ ሊን የተባለው ኤንዛይም በእነዚህ ጭራዎች ላይ ፎስፌት ይተክላል፣ ሲክ ይያያዛል፣ ቢቲኬና ፒኤልሲ ጋማ 2 ይከተላሉ፣ ካልሲየም በሴሉ ውስጥ ይጨምራል። ለሥራችን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ተቀባዮቹ ካልተቆራኙ መልእክት የለም። አንድ እጅ ብቻ ያለው የፀረ አይጂኤም ቁራጭ ተቀባዩን ይይዛል እንጂ ሴሉን አያነቃም። የምትገዙት ባለ ሁለት እጅ ኤፍኤቢ2፣ ማለትም ጭራው የተቆረጠ አንቲቦዲ፣ መሆን አለበት።

ሙሉው ፀረ አይጂኤም አንቲቦዲ ለምን አይሆንም? ኤፍሲ የሚባለው ጭራው ኤፍሲ ጋማ አር2ቢ ከተባለው የቢ ሴል ተቀባይ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ይህ ተቀባይ ፍሬን ነው። አንድ አንቲቦዲ በእጁ ቢሲአርን፣ በጭራው ይህን ፍሬን ሲይዝ መልእክቱ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ይታፈናል። ብዙ ጊዜ «ፀረ አይጂኤሙ አልሠራም» ሲባል ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከቢሲአር ጎን የሲዲ19፣ ሲዲ21 እና ሲዲ81 ቡድን አለ። ሲዲ21፣ ኮምፕሊመንት (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) በአንቲጂን ላይ የሚለጥፈውን ሲ3ዲ ያውቃል። በ1996 በታተመ ሙከራ ሦስት ሲ3ዲ የተቀጠለበት የዶሮ እንቁላል ላይሶዛይም፣ ምንም ካልተቀጠለበት ጋር ሲነጻጸር በ10,000 እጥፍ ባነሰ መጠን አይጦች ላይ መልስ ቀስቅሷል። ሴረሙን በሙቀት የምናክመውም፣ ሲዲ19ን ይዘን ሴል የማናጠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቲኤልአር9 የሚገኘው በገጽ ላይ ሳይሆን በሴሉ ውስጥ ባሉ አሲዳማ ከረጢቶች፣ በኢንዶሶም ውስጥ ነው። ሚቲል ያልተደረገበትን የሲፒጂ ዲኤንኤ (ሲ እና ጂ ፊደላት የተከታተሉበትን) ያውቃል፤ መልእክቱንም በማይዲ88 እና በአይራክ4 በኩል ይልካል። የሰው ጀማሪ ቢ ሴል ቲኤልአር9 እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢሲአር ሲነካ ይጨምራል። አስታዋሽ ቢ ሴል (ከዚህ ቀደም አንቲጂን ያገኘው) ግን ሁልጊዜም አለው። ይህን ያልያዘ ሰው ውጤቱን በትክክል ሊያነበው አይችልም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሲዲ40 የሚነቃው በሲዲ40 ሊጋንድ ሲሆን ሊጋንዱ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚሠራ ነው። ነጠላ ሞለኪውሉ ደካማ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሚዲያው አርፒኤምአይ 1640 ነው። በውስጡ 10 በመቶ የጥጃ ፅንስ ሴረም፣ 2 ሚሊሞላር ግሉታሚን፣ 1 ሚሊሞላር ሶዲየም ፓይሩቬት፣ 10 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ፔኒሲሊንና 100 ማይክሮግራም ስትሬፕቶማይሲን፣ እንዲሁም 50 ማይክሮሞላር ቤታ መርካፕቶኤታኖል ይኑር። ሴረሙን በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ አሙቁት፤ ኮምፕሊመንቱ ይጠፋል። ኢንዶቶክሲኑ ግን በዚህ ሙቀት አይጠፋም። ስለዚህ ሴረም ስትገዙ የኢንዶቶክሲን መጠኑ የተጻፈበትንና ዝቅተኛ የሆነውን ምረጡ፣ ጥሩ ባች ስታገኙም ለሙሉ ሥራው የሚበቃ ያዙ። በሙከራ መካከል የሴረም ባች መለወጥ ውጤትን ያበላሻል።

የማጥሪያ ቋት፦ ካልሲየምና ማግኒዢየም የሌለው ፒቢኤስ፣ 0.5 በመቶ ቢኤስኤ፣ 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ። ቀዝቃዛና አየሩ የወጣለት ይሁን፤ በማግኔት ኮለን ውስጥ የአየር አረፋ ከገባ ፍሰቱ ይቆማል።

አነቃቂዎቹ የሚከተሉት ናቸው። በፕሌቱ ላይ የሚኖራቸው የመጨረሻ መጠን አብሮ ተጽፏል።

• የፍየል ፀረ ሰው አይጂኤም፣ ኤፍኤቢ2 ቁራጭ፦ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም።
• ሲፒጂ ኦዲኤን 2006 (አጭር ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ)፦ በሚሊ ሊትር 2.5 ማይክሮግራም። ይህ ለሰው የተመረጠው ነው፤ ለአይጥ 1826 ይሻላል።
• ባለ ብዙ እጅ ሲዲ40 ሊጋንድ፦ በሚሊ ሊትር 0.5 ማይክሮግራም። ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮግራም ባለው ውስጥ መጀመሪያ መጥኑት።
• ኢንተርሉኪን 4፦ በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም።
• መቆጣጠሪያዎች፦ የሲፒጂው ፊደላት ወደ ጂፒሲ የተገለበጡበት ኦዲኤን፣ እና ምንም የማያውቅ የፍየል ኤፍኤቢ2።

የጂፒሲ መቆጣጠሪያውን አትዝለሉት። እነዚህ ኦዲኤኖች እንዳይበጣጠሱ በፎስፎሮታዮኤት ጀርባ የተሠሩ ናቸው፤ ያ ጀርባ ራሱ መጠኑ ሲበዛ ቢ ሴልን በጥቂቱ ያነቃል። ሲፒጂው የሠራውን ከጀርባው ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።

ደሙ የሚወሰደው ፈቃዱን ከሰጠ ሰው፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ በጸደቀ አሠራር ነው። ማንኛውም የሰው ደም ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ይሠራበታል። ሠራተኞች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የወሰዱ ይሁኑ፣ ቆሻሻው በበረኪና ታክሞ ይወገድ።

ስንት ደም? ስሌቱን አስቀድሙ

1 ሚሊ ሊትር ደም በግምት 1 ሚሊዮን ነጠላ ኒውክሊየስ ያላቸው ነጭ ሴሎችን ይሰጣል። ከእነዚህ ቢ ሴል ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ደም ብትወስዱ 10 በመቶውን ይዘን 5 ሚሊዮን ቢ ሴል ይኖራል፤ በማጥራት የሚጠፋው ሲቀነስ 3 ሚሊዮን እጃችሁ ላይ ይቀራል ብላችሁ አስቡ። በአንድ ጉድጓድ 100,000 ሴል ከሆነ ይህ ለ30 ጉድጓድ ይበቃል። ከታች ያለው ዕቅድ 27 ጉድጓድ ይጠቀማል። ከደም ባንክ የሚገኝ የነጭ ሴል ክምችት ካላችሁ ይህ ስሌት አያስጨንቃችሁም፤ ሁሉንም በሦስት በሦስት አድርጉት።

1ኛ ደረጃ፦ ነጭ ሴሎችን መለየት

ደሙ በሄፓሪን ቲዩብ የተቀዳ፣ በክፍል ሙቀት የቆየ፣ ከተቀዳ 8 ሰዓት ያላለፈው ይሁን። ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት፤ ቀዝቃዛ ደም በፊኮል (ሴሎችን በመጠነ ክብደታቸው የሚለይ ፈሳሽ) ላይ በደንብ አይለይም።

ደሙን በእኩል መጠን ፒቢኤስ አቅጥኑት። በሦስት ባለ 50 ሚሊ ሊትር ቲዩቦች ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር ፊኮል አድርጉ፤ መጠነ ክብደቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም የሆነውን። ቲዩቡን አዘንብሉና የቀጠነውን ደም 33 ሚሊ ሊትር ያህል በግድግዳው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ሁለቱ ፈሳሾች እንዳይቀላቀሉ። በ400 ጂ፣ በ20 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ አሽከርክሩ። የሴንትሪፉጁ ፍሬን መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ በመጨረሻ ሲቆም የተለየው ንብርብር ይታወካል።

በመካከል የሚታየውን ነጭ ቀለበት በፓስተር ፒፔት ሰብስቡ። ከሥሩ ያለውን ፊኮል ብዙ አትውሰዱ። ቲዩቡን በፒቢኤስ ሙሉና በ300 ጂ ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩ። ሁለተኛውን እጥበት በ200 ጂ አድርጉ፤ ፕላትሌቶች ቀላል ስለሆኑ በዚህ ፍጥነት ወደ ታች አይወርዱም፣ ከላይኛው ፈሳሽ ጋር ይፈስሳሉ። ፕላትሌት ከቀረ ሴሎቹን ያጣብቃል፤ ከዚያም በላይ የነቃ ፕላትሌት በገጹ ላይ ሲዲ40 ሊጋንድ አለው፤ ያልታሰበ መልእክት ማለት እንዲህ ነው። በትሪፓን ብሉ ቁጠሩ። ከ95 በመቶ በላይ ሕያው ካልሆነ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

2ኛ ደረጃ፦ ቢ ሴልን ሳይነኩ ማጥራት

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሲዲ19ን በያዘ የማግኔት ዶቃ ቢ ሴሉን ራሱን ይዞ ማውጣት ነው። ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ለአርኤንኤ ወይም ለዲኤንኤ ማውጫ ይመከራል። ለማንቃት ሙከራ ግን አይሆንም፤ ሲዲ19 የቢሲአር አጋር ስለሆነ ዶቃው ሲይዘው ሴሉን እየነካነው ነው። ሁለተኛው መንገድ ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ቢ ሴሉን ሳይነኩ ማሳለፍ ነው። እዚህ የምንጠቀመው ይህን ነው።

በኪቱ መመሪያ መሠረት የአንቲቦዲ ኮክቴሉን ጨምሩ። ቲ ሴልን፣ ሞኖሳይትን፣ ኤንኬ ሴልንና ቀይ ሴልን የሚይዙ አንቲቦዲዎች ይኖሩበታል። ሲዲ43ም ካለበት የነቁ ቢ ሴሎችና ፕላዝማብላስቶች (አንቲቦዲ ማመንጨት የጀመሩ ሴሎች) አብረው ይወገዳሉ፤ ያረፉ ሴሎችን ለሚፈልግ ይህ ትርፍ ነው። ከዚያ ዶቃውን ጨምሩ፣ በማግኔት አሳልፉ፣ ያለፈውን ሰብስቡ። ሁሉም በ4 ዲግሪ ይሠራ፤ በሙቀት ውስጥ ተቀባዮች የያዛቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ከዚያ 50,000 ያህል ሴል ቆንጥራችሁ ንጽሕናውን በፍሎ ሳይቶሜትር እዩ። ሲዲ19 ያላቸው ከ95 በመቶ በላይ፣ ሲዲ14 ያላቸው ሞኖሳይቶች ከ1 በመቶ በታች ይሁኑ። ሲዲ123 እና ሲዲ303 ያላቸውን ፕላዝማሳይቶይድ ዴንድሪቲክ ሴሎችም ፈልጉ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ጉዳታቸው ግን ትልቅ፦ እነሱም ቲኤልአር9 ስላላቸው ሲፒጂ ሲያገኙ ኢንተርፌሮን አልፋ በብዛት ያመነጫሉ፤ ኢንተርፌሮኑ ደግሞ የጀማሪ ቢ ሴልን ቲኤልአር7 ከፍ ያደርጋል። «ሲፒጂ ቢ ሴልን በቀጥታ አነቃ» የሚል ድምዳሜ ከዚህ ፍተሻ በፊት መጻፍ የለበትም። በዚሁ ናሙና ላይ ሲዲ27 እና አይጂዲም አቅልሙ፤ የጀማሪና የአስታዋሽ ሴል ድርሻን አሁኑኑ መዝግቡ። ሴሉ ከነቃ በኋላ ሲዲ27 ስለሚወጣ፣ አይጂዲ ስለሚወርድ በኋላ ማን ማን እንደነበር ማወቅ አይቻልም።

3ኛ ደረጃ፦ መከፋፈልን የሚያሳይ ቀለም

ሲኤፍኤስኢ በሴሉ ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሴሎቹን 0.1 በመቶ ቢኤስኤ ባለው ፒቢኤስ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊዮን አድርጓቸው። በእኩል መጠን 4 ማይክሮሞላር ሲኤፍኤስኢ ጨምራችሁ በዚያው ቅጽበት አዋህዱ፤ የመጨረሻው 2 ማይክሮሞላር ይሆናል። በ37 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ ለ8 ደቂቃ ተዉት። 10 በመቶ ሴረም ያለው ቀዝቃዛ ሚዲያ በአምስት እጥፍ ጨምሩና 5 ደቂቃ በበረዶ ላይ አቆዩ። ሁለቴ እጠቡ።

አንዱ ሴል ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ቀለም ካገኘ የመጀመሪያው ጫፍ ሰፊ ይሆንና ትውልዶቹ አይለዩም። መንስኤው ብዙ ጊዜ ማዋሃዱ መዘግየቱ ነው። ፒቢኤሱ ውስጥ የሴረም ቅሪት ካለም ፕሮቲኑ ቀለሙን ይሻማል። ከ5 ማይክሮሞላር በላይ ከሄዳችሁ ቢ ሴል ይሞታል። በፍሎ ሳይቶሜትሩ ላይ ሲኤፍኤስኢ የፊትክን (የአረንጓዴውን ቀለም) ቻናል ስለሚይዝ በፊትክ የተለጠፈ አንቲቦዲ አብራችሁ አትጠቀሙ።

4ኛ ደረጃ፦ ፕሌቱን መዘርጋት

ከታቹ ክብ የሆነ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ውሰዱ። በዳር ያሉትን ጉድጓዶች በ200 ማይክሮሊትር ፒቢኤስ ሙሏቸው፤ በአራት ቀን ውስጥ የዳሮቹ ውኃ ስለሚተን እነሱ ላይ ሴል አይዘራም።

ሦስት መልእክት ካለ መኖርና አለመኖራቸው ስምንት ጥምረት ይሰጣል። ስምንቱንም አድርጉ፦

1. ሚዲያ ብቻ
2. ፀረ አይጂኤም
3. ሲፒጂ
4. ሲዲ40 ሊጋንድ
5. ፀረ አይጂኤምና ሲፒጂ
6. ፀረ አይጂኤምና ሲዲ40 ሊጋንድ
7. ሲፒጂና ሲዲ40 ሊጋንድ
8. ሦስቱም

እያንዳንዱ አንድ ጉድጓድ ለ24 ሰዓት፣ ሁለት ጉድጓድ ለ4ኛ ቀን ይኑረው፤ ይህ 24 ጉድጓድ ነው። የቀሩት ሦስቱ ለ4ኛ ቀን የሚሆኑ መቆጣጠሪያዎች ናቸው፦ ጂፒሲ ኦዲኤን፣ የማያውቀው ኤፍኤቢ2፣ እና ኢንተርሉኪን 4 ብቻ።

የመጨረሻው ለምን አስፈለገ? ሚዲያ ብቻ ያገኘ ቢ ሴል እስከ 4ኛ ቀን ብዙው ይሞታል፤ ያልተከፈለው ጫፍ የት እንደሆነ የሚያሳይ በቂ ሕያው ሴል አይቀርም። ኢንተርሉኪን 4 ብቻውን አያከፋፍልም፤ በሕይወት ግን ያቆያል። የትውልድ ቁጥሩ ከእሱ ጫፍ ይጀመራል።

አነቃቂዎቹን በ8 እጥፍ አዘጋጁ፦ ፀረ አይጂኤም በሚሊ ሊትር 80 ማይክሮግራም፣ ሲፒጂ 20 ማይክሮግራም፣ ሲዲ40 ሊጋንድ 4 ማይክሮግራም፣ ኢንተርሉኪን 4 ደግሞ 160 ናኖግራም። ለሦስቱ ዋና አነቃቂዎች ከእያንዳንዱ 350 ማይክሮሊትር ይበቃል፤ 12 ጉድጓድ በ25 ማይክሮሊትር 300 ነው፣ 50ው ለብክነት። መቆጣጠሪያዎቹም በዚያው በ8 እጥፍ ይዘጋጁ፤ ጂፒሲው ከሲፒጂው፣ የማያውቀው ኤፍኤቢ2 ከፀረ አይጂኤሙ ጋር እኩል መጠን ይኑረው።

በጉድጓዱ ውስጥ የሚገባውን አነቃቂ 25 ማይክሮሊትር አድርጉ፣ እስከ 100 ማይክሮሊትር በሚዲያ ሙሉ፣ በመጨረሻ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ሴል ካለው 100 ማይክሮሊትር ጨምሩ። ጠቅላላው 200 ይሆናል። ሲዲ40 ሊጋንዱ ሂስ መለያ ያለውና ማቆራኛ አንቲቦዲ የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ ማቆራኛውን አትርሱ፤ ማቆራኛውን ብቻ ያገኘ አንድ ጉድጓድም ይኑራችሁ። በ37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር አስቀምጡ። በመካከል እያወጣችሁ አታነቃንቁት።

5ኛ ደረጃ፦ መሰብሰብና ማቅለም

በ24 ሰዓት የሚታዩት የመንቃት ምልክቶቹ ሲዲ69 እና ሲዲ86 ናቸው። ሲዲ69 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ሲዲ86 ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል። በ4ኛው ቀን ሲኤፍኤስኢ ይነበባል።

የነቁ ቢ ሴሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ወይን ዘለላ ይሆናሉ። ሲፒጂና ሲዲ40 ሊጋንድ ባሉበት በማይክሮስኮፕ ይህን ካያችሁ ደህና ምልክት ነው፤ ኢንፌክሽን አይደለም። ግን ሳትፈቱት ፍሎ ሳይቶሜትር ላይ ብታስገቡት ዘለላው እንደ ድርብ ሴል ተቆጥሮ ይጣላል፤ የሚጣለውም በደንብ የነቃው ይሆናል። 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ጨምራችሁ በፒፔት ቀስ ብላችሁ አላሉት።

በ300 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ። በመጀመሪያ ፕሮቲን በሌለው ፒቢኤስ የሕያውና የሙት መለያ ቀለም ስጡ፤ ከዚያ ለ10 ደቂቃ የኤፍሲ ማገጃ፤ ከዚያ አንቲቦዲዎቹን በ4 ዲግሪ በጨለማ ለ30 ደቂቃ። ከሲዲ19 ጋር ሲዲ20 ጨምሩ። አይጂኤምን በገጽ ላይ ለማቅለም አትሞክሩ፤ ፀረ አይጂኤም ባገኙት ጉድጓዶች ተቀባዩ ተሸፍኗል ወይም ወደ ውስጥ ገብቷል፤ «አይጂኤም ጠፋ» የሚል የሐሰት ውጤት ይሰጣችኋል።

በማሽኑ ላይ የሊምፎሳይት ክልሉን ሰፋ አድርጋችሁ አጥሩ። የነቃ ሴል ያብጣል፤ ባረፈ ሴል መጠን የተሠራ ጠባብ አጥር የምትፈልጉትን ሴል በውጭ ይተዋል።

6ኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ማንበብ

በሲኤፍኤስኢ የሚታየውን መቶኛ እንዳለ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። አንድ ሴል ሦስት ጊዜ ቢከፈል ስምንት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ በየትውልዱ ያለውን ቁጥር ለ2 በትውልዱ ቁጥር ልክ ደጋግማችሁ አካፍሉ።

ምሳሌ፦ ያልተከፈለ 1,000፣ አንድ ጊዜ የተከፈለ 2,000፣ ሁለት ጊዜ 4,000፣ ሦስት ጊዜ 8,000 ሴል ቢቆጠር፣ ካያችኋቸው 15,000 ሴሎች 14,000ው፣ ማለትም 93 በመቶ ተከፍለዋል። ወደ መነሻው ስትመልሱት ግን ከየትውልዱ 1,000 እናት ሴል ይወጣል፤ ከ4,000 እናት ሴሎች 3,000ው፣ 75 በመቶ ናቸው የተከፈሉት። የተቀባዩን ድርሻ የሚነግራችሁ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የሚጠበቀው መልክ ይህ ነው። ፀረ አይጂኤም ብቻውን ሲዲ69 እና ሲዲ86ን ያወጣል፤ በ4ኛው ቀን ግን ጥቂት ነው የሚከፈለው፣ ብዙ ሴልም ይሞታል። ቢሲአር የተነካ ሴል ሁለተኛ መልእክት ካልመጣለት አይቆይም። ሲዲ40 ሊጋንድ ብቻውን ሲዲ86ን ከፍ ያደርጋል፣ በሕይወት ያቆያል፣ መከፋፈሉ ግን ኢንተርሉኪን 4 ካልታከለ ደካማ ነው። ሲፒጂ ብቻውን ሁለት ቡድን ያሳያል፦ አንዱ ብዙ ጊዜ የተከፈለ፣ ሌላው ከቦታው ያልተነቃነቀ። የተከፈለው በአብዛኛው አስታዋሹ ነው። ፀረ አይጂኤም ሲታከልበት ያ ያልተነቃነቀው ቡድንም መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ቢሲአር የጀማሪውን ሴል ቲኤልአር9 ስለጨመረለት። ከስምንቱ ጥምረት ውስጥ ይህ አምስተኛው፣ በእኛ ግምት፣ የሙከራው ዋና ገጽ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ጀማሪና አስታዋሽ ሴሎችን አስቀድሞ በሶርተር ለይቶ መድገም ይበጃል።

ፀረ አይጂኤም አይጂጂ ወይም አይጂኤ ያላቸውን አስታዋሽ ሴሎች እንደማይነካም አስታውሱ። ሁሉንም ለመንካት ፀረ አይጂኤም፣ አይጂጂና አይጂኤ ድብልቅ ኤፍኤቢ2 ያስፈልጋል።

ነገር ሲበላሽ

ሚዲያ ብቻ ባገኘው ጉድጓድ ሲዲ69 በ24 ሰዓት ከፍ ካለ ሴሎቹ ፕሌት ላይ ሳይደርሱ ነቅተዋል። ማጥሪያው ዘዴ፣ የደሙ ዕድሜ፣ ወይም ሴረሙ ይመርመር። የሰው ቢ ሴል ቲኤልአር4 (የኢንዶቶክሲን ተቀባይ) እጅግ ጥቂት ስለሆነ ኢንዶቶክሲን በቀጥታ ብዙ አይነካውም፤ የቀሩ ሞኖሳይቶች ግን ነቅተው ሳይቶካይን ያፈሱበታል። በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ፖሊሚክሲን ቢ ሲጨመር መልሱ ከወረደ ጥፋተኛው ኢንዶቶክሲን ነው።

ፀረ አይጂኤም ምንም ካላደረገ አራት ቀን አትጠብቁ፤ በካልሲየም ፈትሹት። ሴሎቹን በ2 ማይክሮሞላር ፍሉዎ 4 ለ30 ደቂቃ በ37 ዲግሪ ሙሏቸው፣ 1 ሚሊሞላር ካልሲየም ባለው ኢዲቲኤ በሌለው ቋት አድርጓቸው፣ ለ60 ሰከንድ መነሻውን መዝግቡ፣ ፀረ አይጂኤሙን ጨምሩ። ምልክቱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት። በመጨረሻ በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም አዮኖማይሲን ጨምሩ፤ እሱም ካላስነሣው ጥፋቱ የቀለሙ ወይም የቋቱ ነው። ሲፒጂና ሲዲ40 ሊጋንድ እንዲህ ያለ ፈጣን የካልሲየም ጭማሪ አይሰጡም።

መልሱ በእርግጥ በየትኛው መንገድ እንደመጣ ለማረጋገጥ አጋጆች ይረዳሉ። ክሎሮኪን የኢንዶሶሙን አሲድ ስለሚያጠፋ ቲኤልአር9ን ያግዳል፣ ሲዲ40ን ግን አይነካም። ኢብሩቲኒብ ቢቲኬን በማገድ ቢሲአርን ያዳክማል፤ ቢቲኬ በቲኤልአር መንገድም እጁ ስላለበት በእሱ ብቻ ቢሲአርን ከቲኤልአር9 መለየት አይቻልም። ሁለቱም ሴል ይገድላሉ፤ የሕያው ሴል መቶኛ ሳይጻፍ የአጋጅ ውጤት ዋጋ የለውም።

በላይኛው ፈሳሽ ውስጥ አይጂኤምን በኤላይዛ ለመለካት ያሰበ ይጠንቀቅ። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ፀረ አይጂኤም ሴሉ ያመነጨውን አይጂኤም ይይዘዋል፤ ኤላይዛው አያየውም፣ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሴሎቹን አጥባችሁ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሯቸው፣ ወይም ኤሊስፖት (አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሴሎችን አንድ በአንድ የሚቆጥር ዘዴ) ተጠቀሙ። አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሴሎችን ለማየት 4 ቀን አይበቃም። ፀረ አይጂኤምና ሲዲ40 ሊጋንድ ላይ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ኢንተርሉኪን 21 ጨምራችሁ 6 ወይም 7 ቀን አቆዩ፤ ሲዲ27 እና ሲዲ38 ሁለቱም ከፍ ያሉባቸው ፕላዝማብላስቶች ናቸው።

በአይጥ ለሚሠራ

ከስፕሊን የሚገኘው ሴል ብዙ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ቢ ሴል ስለሆነ የቁጥር ጭንቀት የለም። ቀይ ሴሉን በአሞኒየም ክሎራይድ ቋት አፍርሱ፣ በሲዲ43 ዶቃ ሌላውን አስወግዱ። ቤታ መርካፕቶኤታኖል እዚህ ግዴታ ነው፤ ከሌለ የአይጥ ቢ ሴል ይሞታል።

ዋናው ልዩነት ቲኤልአር4 ነው። የአይጥ ቢ ሴል ለኤልፒኤስ (ለኢንዶቶክሲን) በቀጥታ ይከፈላል፤ ስለዚህ በሰው ሴል ላይ የማይታይ የኢንዶቶክሲን ብክለት እዚህ ሙሉ ውጤት መስሎ ይወጣል። በሌላ በኩል ኤልፒኤስ ጥሩ መሣሪያም ነው፦ ከኢንተርሉኪን 4 ጋር ወደ አይጂጂ1 እና አይጂኢ፣ ከኢንተርፌሮን ጋማ ጋር ወደ አይጂጂ2ኤ፣ ከቲጂኤፍ ቤታ ጋር ወደ አይጂጂ2ቢ ያዞራል። እጅግ የተጣራውን ኤልፒኤስ ግዙ፤ ተራው የባክቴሪያ ሊፖፕሮቲን ቅሪት ስላለበት ቲኤልአር2ንም ይነካል። ንጽሕናውን ለመፈተን ሲ3ኤች/ሄጅ የተባለውን የአይጥ ዘር ተጠቀሙ፤ በ1998 እንደታወቀው የዚህ ዘር ቲኤልአር4 በአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ተበላሽቷል፣ ለንጹሕ ኤልፒኤስ መልስ አይሰጥም። የእነዚህ አይጦች ቢ ሴል ከኤልፒኤሱ ጋር ከተከፋፈለ፣ ያን ብልቃጥ ጥላችሁ ሌላ እዘዙ።